መሀል አዲስ አበባ ስለሚሠራ ትልቅ አዳራሽ የሚነገሩ ስህተቶች

መሀል አዲስ አበባ ላይ ጣሪያ ያለው፣ ቅርጫት ኳስም ኮንሰርትም የሚያስተናግድ ትልቅ አዳራሽ ያስፈልጋል ሲባል ወዲያው የሚነሱ ክርክሮች አሉ። አብዛኞቹ በቅንነት የሚነገሩ ናቸው። ልክ ግን አይደሉም። አዳራሹ ለከተማችን እንደሚገባት ስለማምን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ስታዲየም እያለን ሌላ ምን ያደርግልናል?»

የአዲስ አበባ ስታዲየምን ውለታ የሚክድ የለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳው እዚያ ነው። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን የተቀበለው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ነበር። ስታዲየሙ ግን የተሠራው ለእግር ኳስና ለሩጫ ነው። የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ብቻ። ከሩጫው መም ማዶ ተቀምጦ ቅርጫት ኳስ ማየት አይቻልም። ኮንሰርት ሲሆን ደግሞ መድረኩም ሕዝቡም ሣሩ ላይ ይወጣሉ፣ ሣሩም ይጎዳል።

መስቀል አደባባይም ቢሆን መልስ አይሆንም። በ1997 የቦብ ማርሌይ 60ኛ ዓመት ልደት ሲከበር ያን ሁሉ ሕዝብ የቻለው አደባባዩ ነው። ክፍት መሆኑ ውበቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ደጅ ላይ ዝግጅት መጥራት ቁማር ነው።

«ሚሊኒየም አዳራሽ አለ አይደል?»

አለ፣ ብዙም አገልግሏል። 2000 ዓ.ም.ን የተቀበልነው እዚያ ነው፤ ቢዮንሴ የዘፈነችውም እዚያ ነው፤ በኮሮና ጊዜ የሕክምና ማዕከል ሆኖልናል። ግን ቦሌ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ነው። ወለሉም ደረጃ የሌለው፣ ሜዳማ ነው። ለባዛር ይመቻል፤ ከኋላ የቆመ ሰው ግን የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው። ስፖርት የሚያሳይ አዳራሽ ወንበሩ ከሜዳው ዙሪያ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ መሄድ አለበት።

«ኮንሰርት የሚዘጋጅበት አዳራሽ ለስፖርት አይሆንም»

ኪጋሊን ማየት ይበቃል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው አዳራሽ 10,000 ሰው ይይዛል። የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ጨዋታዎች ይደረጉበታል፤ ኅዳር 2016 ላይ ደግሞ ኬንድሪክ ላማር ዘፍኖበታል። በእንዲህ ዓይነት አዳራሽ የእንጨቱ ወለል የሚገጣጠምና የሚነሳ ይሆናል። የታችኞቹ ወንበሮች ወደ ግድግዳው ይታጠፋሉ። ዋናው ነገር ጣሪያው ነው። ትልልቅ ኮንሰርቶች በብዙ ቶን የሚመዘን ስፒከርና መብራት ጣሪያ ላይ ይሰቅላሉ። ይህ ክብደት ገና በንድፉ ላይ ካልታሰበ በኋላ ማስተካከሉ እጅግ ውድ ነው።

«ድምፁ የሚበላሸው ስፒከሩ ስላነሰ ነው»

ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ኮንሰርት የሚበላሸው በዚህ ነውና። ተመልካቹ «አይሰማም!» ይላል። ባለሙያው ድምፁን ይጨምራል። ይብስበታል።

ችግሩ የድምፁ ማነስ ሳይሆን መመላለሱ ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከመድረኩ 68 ሜትር የራቀ ሰው የዘፋኟን ከንፈር ካየ በኋላ ድምፁ የሚደርሰው 0.2 ሴኮንድ ዘግይቶ ነው። ከዚያ ከኮንክሪቱ ግድግዳና ከጣሪያው ነጥሮ የሚመጣው ይከተላል። የመጀመሪያው የከበሮ ምት ሳይጠፋ ሁለተኛው ይደርስበታል። ማሲንቆው ከቤዝ ጊታሩ ጋር ይቀላቀላል፣ የግጥሙ ቃላት ይዋጣሉ። ለግጥም ብሎ ዘፈን ለሚያዳምጥ ሕዝብ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ድምፁን ሲጨምሩት የሚመላለሰውም አብሮ ይጨምራል።

መፍትሔው ከጣሪያው ሥርና ከኋላ ግድግዳው ላይ ድምፅ የሚመጥጥ ነገር መለጠፍ ነው። አዳራሹ መሀል ላይ የሚሰቀሉት ተጨማሪ ስፒከሮችም ከመድረኩ ድምፅ ጋር እኩል እንዲደርሱ ጥቂት እንዲዘገዩ ይደረጋል። የሰው አካልና ልብስም ድምፅ ይመጥጣል፤ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተደረገ የድምፅ ሙከራ (ሳውንድ ቼክ) ሰው ሲሞላ የሚለወጠው ለዚህ ነው።

ዝናቡም አለ። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ቤታችን ውስጥ ቴሌቪዥን እንኳ አይሰማም። የአዳራሽ ጣሪያ አንድ ሉህ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴን እርሱት።

«አዲስ አበባ ብርድ ናት፣ አየር ማናፈሻ ምን ያደርጋል?»

ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል። 10,000 ሰው ሲሰበሰብ አንድ ሜጋ ዋት ይሆናል። የሚጨፍር ከሆነ ከዚያም በላይ። ውጭ ቢበርድም ውስጡ ይታፈናል።

«ፓርኪንግ ከሌለው መሀል ከተማ አይሠራም»

እናስላው። 10,000 ተመልካች በየመኪናው ሦስት ሦስት ሆኖ ቢመጣ ከ3,300 በላይ መኪና ነው። መተላለፊያውን ጨምሮ ለአንዱ 25 ካሬ ሜትር ብንሰጥ ከስምንት ሄክታር በላይ፣ ማለትም ወደ 12 የእግር ኳስ ሜዳ ይፈልጋል። መሀል ከተማ ላይ ይህን መሬት ለመኪና መስጠት አያዋጣም። የኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ከባቡር ጣቢያ በላይ ነው የተሠራው፤ ብዙው ሰው በባቡርና በእግሩ ይመጣል። እኛም ጋ ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች ስታዲየም ጣቢያ ላይ ይገናኛሉ። ለገሃርም አጠገቡ ነው። የሚያስጨንቀኝ መምጫው ሳይሆን መመለሻው ነው። ኮንሰርት እኩለ ሌሊት ላይ ሲያልቅ ሚኒባስ የለም፣ ያለውም ኮንትራት ካልሆነ አይንቀሳቀስም። አዳራሹ ከተሠራ የሌሊት አውቶቡስ አብሮ መታቀድ አለበት።

«አደጋ የሚመጣው ሰው ሲበዛ ነው»

አደጋው ከብዛቱ ይልቅ ከመውጫው ነው። በ1993 ዓ.ም. በአክራ ስታዲየም ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ሲተኩስ ሕዝቡ ወደ መውጫው ሮጠ። የጠበቁት የተቆለፉ በሮች ነበሩ። ከ120 በላይ ሰዎች ሞቱ።

የእንግሊዝ የስታዲየም ደህንነት መመሪያ ግልጽ ስሌት አለው። በአንድ ሜትር ስፋት ባለው ሜዳማ መውጫ በደቂቃ 82 ሰው፣ በደረጃ ላይ 66 ሰው ያልፋል። መውጣቱም ከስምንት ደቂቃ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ 10,000 ሰው የሚይዝ አዳራሽ የመውጫዎቹ ስፋት ሲደመር ቢያንስ ከ15 ሜትር በላይ መሆን አለበት፤ በደረጃ ከሆነ ደግሞ 19 ሜትር ገደማ።

ያለ ትኬት ሰው ይገባል ብሎ አንዱን በር ብቻ ከፍቶ ሌላውን በሰንሰለት መቆለፍ የተለመደ ነው። ስጋቱ ይገባኛል። ግን መፍትሔ ያለው ነገር ነው። ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ከውስጥ በደረት ሲገፉት ያለ ቁልፍ የሚለቅ አግድም ብረት ያለው በር አለ። ከውጭ ያለውን አያስገባም፣ ከውስጥ ያለውን ግን አንድ ሴኮንድ እንኳ አያቆምም።