ሃምሁንግ ቻሳ፦ ሄዶ የቀረው መልእክተኛ ምን በደለ?

ኮሪያ ሠርቶ የተመለሰ ወዳጃችን ቤት ቡና እየተፈላ፣ ስኳር እንዲገዛ የተላከ ልጅ ዘገየ። ወዳጃችን ሳቅ ብሎ «ኮሪያ ቢሆን ይህን ልጅ ሃምሁንግ ቻሳ ይሉት ነበር፤ የእኛው የቁራ መልእክተኛ ማለት ነው» አለን። ልጁ ሲመጣ ተቆጡት። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ኮሪያውያን ራሳቸው ዛሬ አነጋገሩን የሚጠቀሙበት እንዲሁ ነው፤ ተልኮ ለቀረ፣ ሄዶ ድምፁ ለጠፋ ሰው ይሉታል። ይሁን እንጂ ሁለቱን አነጋገሮች አንድ ማድረግ በደል ነው። ቁራው ኖኅ የውኃውን መጉደል እንዲያይለት ቢልከው ጥንብ አግኝቶ እዚያው ቀረ ይባላል፤ ጥፋቱ የራሱ ነው። የሃምሁንግ መልእክተኛ ግን የቀረው ታርዶ ነው።

የነገሩ መነሻ ዪ ባንግ ዎን የተባለ ልዑል ነው። እ.ኤ.አ. በ1367 የተወለደ፣ የስመ ጥሩው የጦር አዛዥ የዪ ሶንግ ግዬ አምስተኛ ወንድ ልጅ። ቤተሰቡ የፈረስና የቀስት ቤተሰብ ሲሆን እርሱ በ1383 ለመንግሥት ሹመት የሚሰጠውን የጽሑፍ ፈተና አለፈ። ብዕሩን ይዞ ብቻ አልቀረም። በ1392 የአባቱን መንገስ ይቃወም የነበረውን የጎርዮ መንግሥት ታላቅ ሊቅ ጆንግ ሞንግ ጁን ሰዎች ልኮ አስገደለው። በዚያው ዓመት አባቱ ኮሪያን ይገዛ የነበረውን ጎርዮን ጥሎ የጆሰንን ሥርወ መንግሥት መሠረተ።

አልጋ ወራሽነቱ ግን ለባንግ ዎን አልሆነም። ንጉሡ የመረጠው ከሁለተኛ ሚስቱ የተወለደውን ትንሹን ልጅ ባንግ ሶክን ነበር። ባንግ ዎን በ1398 ንጉሡ ታምሞ በተኛበት ሰይፍ መዘዘ። የልጁ ደጋፊ የነበረው ሚኒስትር ጆንግ ዶ ጆን ተገደለ፤ ባንግ ሶክና የእናቱ ልጅ ባንግ ቦንም ተገደሉ። አባትየው ዙፋኑን ለሌላ ልጁ ትቶ ወረደ። በ1400 ባንግ ዎን ሌላ ወንድሙን ተዋግቶ አሸነፈ፤ ዙፋን ላይ የነበረውም ለቀቀለትና ነገሠ።

ልጆቹን በልጁ እጅ ያጣው አባት ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወዳደገበት አገር ወደ ሃምሁንግ ሄደ። ልጁ እንዲመለስለት መልእክተኛ ላከ፤ በአፈ ታሪኩ መሠረት አባት መልእክተኛውን ገደለ። ሌላ ላከ፤ እርሱንም ገደለ። ቻሳ የሚባለው ይህ የንጉሥ መልእክተኛ ነው።

በመጨረሻ የአባትየው የድሮ ወዳጅ ፓክ ሱን እኔ ልሂድ አለ። የተቀመጠባት ባዝራ ውርንጭላ ነበራት። ሃምሁንግ ሲደርስ ውርንጭላውን ከደጅ ዛፍ ላይ አስሮ እናቲቱን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ባዝራዋ አንገቷን እየመለሰች ታሽካካ ጀመር፤ ውርንጭላውም ከደጅ ይመልስላታል። ሽማግሌው ንጉሥ «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉት፣ ፓክ ሱን «ውርንጭላው ለመንገድ ስላስቸገረኝ አሰርኩት፤ እንስሳ ቢሆኑም መለያየቱን አልቻሉትም» ብሎ መለሰ።

ባዝራ ያለችበት ቤት ያደገ ሰው ከዚህ በላይ ትርጓሜ አይፈልግም። አያቴ አንዲት ቦራ ባዝራ ነበረቻቸው። በወለደች ሰሞን ወንዙ ከሞላ ውርንጭላውን ጋጣ ዘግተውበት ገበያ ይወርዳሉ። ጭንቁ ያኔ ይጀምራል። በየጉብታው ትቆማለች፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ታሽካካለች። ረፋድ ላይ ግቷ ይወጠርና ወተቱ በእግሯ ይወርዳል። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን መምታት ቀርቶ መንካትም አያስፈልግም፤ ኮርቻ ላይ ያለው ሰው ሥራው እርካቡን ረግጦ ልጓሙን ማጥበቅ ብቻ ነው። እኛ ልጆች የአያቴን መምጣት የምናውቀው በውርንጭላው ነበር፤ ማንም ሳይታይ ጆሮውን አቁሞ ይንቀጠቀጣል። አያቴ ወርደው ውኃ ከመጠጣታቸው በፊት «ጋጣውን ክፈቱ!» ይሉ ነበር።

ሽማግሌውም ልቡ ተነካና እመለሳለሁ ብሎ ቃል ገባ። ፓክ ሱን ሲሄድ አሽከሮቹ ይገደል ብለው ንጉሡን ወጥረው ያዙት። ንጉሡ ወዳጁ ወንዝ እስኪሻገር ሆን ብሎ ከቆየ በኋላ «የዮንግሁንግን ወንዝ ካለፈ ተዉት» ብሎ ላከ። ፓክ ሱን ግን መንገድ ላይ ታምሞ ዘግይቶ ነበር። ጀልባው ላይ ሲወጣ ደረሱበትና ወገቡን ቆረጡት፤ ግማሹ ጀልባ ውስጥ፣ ግማሹ ወንዝ ውስጥ ቀረ ይላሉ።

የጆሰን ዜና መዋዕል ነገሩን የሚጽፈው በሌላ መልኩ ነው። በ1402 ጆ ሳ ዊ የተባለ፣ የባንግ ሶክ እናት የነበረችው የሟቿ ንግሥት ዘመድ በዚያው አገር ዐመፀ፤ ፓክ ሱንን የገደሉት ዐመፀኞቹ ናቸው። ታዲያ ሕዝቡ ደሙን ለምን ወደ አባትየው አዞረው? የእኔ እምነት ይህ ነው፦ ሕዝቡ በባንግ ዎን ላይ መፍረድ ፈልጎ አፉን የሚከፍትበት ቦታ አጣ። ንጉሥን ወንድሞችህን ገደልክ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ቁጣውን በአባቱ እጅ አስያዘው። የባዝራዋንም ታሪክ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ አልፈጠረውም እላለሁ። ዪ ሶንግ ግዬ ስምንት የጦር ፈረሶቹ በሥዕል ሳይቀር የተዘከሩለት ሰው ነው፤ አገሩም የፈረሰኛ አገር ነው። የባዝራን ግት በእጁ ዳስሶ የሚያውቅ የሰሜን ባላገር ካልሆነ ማን ያንን ያስበዋል? ይህን የሚያጸና ሰነድ በእጄ የለም፤ የአያቴ ባዝራ ግን ትመሰክርልኛለች።

ሽማግሌው በ1402 መጨረሻ ወደ ዋና ከተማው ተመለሰ። ባንግ ዎን ሊቀበለው ሲወጣ አባት ቀስቱን ስቦ ወረወረበት፤ ልጁ በድንኳኑ ወፍራም ምሰሶ ተከልሎ ዳነ ይላል አፈ ታሪኩ።

እንግዲህ ዛሬ ሃምሁንግ ቻሳ ሲባል የሚወቀሰው ሄዶ የቀረው ሰው ነው። ይህ አነጋገሩን መገልበጥ ነው። ከአለቃ ታዝዞ፣ መልስ ወደማይሰጥ ደጅ ተልኮ ቀኑን ሙሉ ሲጉላላ ለዋለ ሠራተኛ ቢባል በቦታው ይሆናል፤ የሚባለውም በሐዘኔታ እንጂ በስድብ መሆን የለበትም። ኳስ ሲያይ የቆየውን የቁራ መልእክተኛ በሉት፤ ስሙ ያ ነው። ሃምሁንግን የሚያነሣ ሰው ግን ጥያቄውን ወደ ላኪው ያዙር። አባቱን ያስቀየመው ባንግ ዎን ነው፤ የሰው ልጅ እየተከታተለ ሲሞትለት ራሱ ፈረስ ጭኖ ይቅርታ ለመጠየቅ ያልሄደው ለምንድን ነው?