የአየርላንድ ጌሊክ ጨዋታዎች መራር ሽንፈቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በአየርላንድ በእጅም በእግርም የሚካሄደውን የጌሊክ እግር ኳስን ወይም ኸርሊንግን ከልጅነቱ ጀምሮ የተከታተለ ደጋፊ ስለ ድል ሲጠየቅ ዓመቱን ይናገራል፤ ስለ ሽንፈት ሲጠየቅ ግን ደቂቃውን፣ ኳሷ የነጠረችበትን ቦታና ዳኛው ፊሽካ የነፋበትን ቅጽበት ሳይቀር ይዘረዝራል። ወሬውን ከሩቅ የሚሰማ ሰው ዘንድ ግን እነዚያ ሽንፈቶች እርግማን፣ ፍርሃት ወይም የአንድ ሰው ስሕተት በሚል አጭር ምክንያት ተጠቅልለው ይቀራሉ። ይህ በተሸናፊዎቹ ላይ የሚፈጸም በደል ነው ብዬ ስለማምን፣ በብዛት የሚደጋገሙትን አባባሎች ከተመዘገበው እውነት ጋር አስተያይቼ አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታዎቹን ለማያውቅ አንባቢ፦ እዚህ በሚነሡት ውድድሮች በእያንዳንዱ ወገን 15 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳስ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ከገባች ግብ ተብላ 3 ነጥብ ታስገኛለች፤ ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ካለፈች 1 ነጥብ ይያዛል (በእግር ኳሱ ግን ከ2025 ጀምሮ ከሩቅ የተመታች 2 ነጥብ ታስገኛለች)። ኸርሊንግ በእንጨት ዱላ የሚካሄድ በመሆኑ የእኛን የገና ጨዋታ ላየ ሰው ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። ትልቁ ውድድር በአውራጃዎች መካከል የሚደረገው ሻምፒዮና ሲሆን፣ ፍጻሜው ከ82,000 በላይ ተመልካች በሚይዘው የደብሊኑ ክሮክ ፓርክ ይካሄዳል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «እንደ ማንኛውም ስፖርት ነው፤ ተጫዋቹ ደመወዙን ይቀበላል፣ ደጋፊውም በማግስቱ ይረሳዋል።»

እውነታው፦ ጨዋታዎቹን የሚመራው ማኅበር በ1884 በተርልስ ከተማ ከተመሠረተ ጀምሮ ጨዋታው የአማተሮች ነው። ተጫዋቹ ለመጫወቱ ደመወዝ አይከፈለውም፤ ቡድኖችም ተጫዋች አይገዙም፣ አይሸጡም። እሑድ በክሮክ ፓርክ ቅጣት ምት የሳተው ሰው በሳምንቱ ውስጥ በዚያው አውራጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ሱቅ ይሠራል ወይም ከብት ያረባል፤ ያለቀሰለት ደጋፊም መንገድ ላይ ያገኘዋል። ሽንፈቱ የሚከብደው የጎረቤት ልጅ ሽንፈት ስለሆነ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ማዮ ዋንጫ የማያነሣው ቄስ ስለረገመው ነው።»

እውነታው፦ በምዕራብ አየርላንድ የሚገኘው ማዮ የእግር ኳስ ሻምፒዮን የሆነው በ1936፣ በ1950 እና በ1951 ብቻ ነው። ታሪኩ እንደሚነገረው፣ የ1951 አሸናፊዎች በጭነት መኪና ተጭነው እየጨፈሩ በፎክስፎርድ ከተማ ሲያልፉ ለቀብር ሥርዓት ክብር ሳይሰጡ ስለቀሩ፣ ቄሱ «ከእናንተ አንድ ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ማዮ ዳግም አያሸንፍም» ብለው ረገሙ። ለዚህ ታሪክ በጊዜው የተጻፈ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ከዚያ ቡድን የመጨረሻው በሕይወት የነበረው ፓዲ ፕሬንደርጋስት መስከረም 2021 ላይ አረፈ፤ ከዚያ በኋላ በተደረጉት የ2022፣ የ2023፣ የ2024 እና የ2025 ሻምፒዮናዎችም ዋንጫው ወደ ማዮ አልመጣም። የማዮ ሴቶች በበኩላቸው በ1999፣ በ2000፣ በ2002 እና በ2003 የአየርላንድ ሻምፒዮን ሆነዋል።

ከሁሉ በላይ እርግማኑ የሚሰውረው አንድ ነገር አለ። ከ1951 በኋላ ማዮ እስከ 1989 ድረስ ለ38 ዓመታት ለፍጻሜ እንኳ አልደረሰም ነበር። እርግማኑን የሚያወሩ ሰዎች ይህን ረጅም የድካም ዘመንና ከዚያ በኋላ የመጣውን ትግል አንድ ላይ ይጨፈልቁታል፤ እኔ ግን የኋለኛው ከመራርነቱ ጋር የማዮ ታላቅ ዘመን ነው እላለሁ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ማዮ ትልቅ ጨዋታ ሲመጣ ይፈራል።»

እውነታው፦ ከ1989 እስከ 2021 ማዮ 11 ፍጻሜዎችን ተሸንፏል። በ2004 እና በ2006 በኬሪ የደረሰበት ሽንፈት በእርግጥ ከባድ ነበር፤ በ2006 ልዩነቱ 13 ነጥብ ስለነበር ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። ነገር ግን በ1996 የድጋሚ ጨዋታ፣ በ2013፣ በ2016 የድጋሚ ጨዋታ እና በ2017 የተሸነፈው በ1 ነጥብ ብቻ ነው።

ዝርዝሩን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በ1996 የመጀመሪያው ፍጻሜ ሊያልቅ ሲል የሚዙ ኮልም ኮይል ከሩቅ ያሻገራት ኳስ ማንም ሳይነካት መሬት ነጥራ ከአግዳሚው በላይ አለፈች፤ ጨዋታው አቻ ወጣ፣ ድጋሚውንም ሚዝ ወሰደ። በ2016 የመጀመሪያ ፍጻሜ ደግሞ ማዮዎች በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሁለት ጊዜ በገዛ መረባቸው ላይ አስቆጠሩ፤ የደብሊን ተጫዋቾች በዚያ ቀን አንድም ግብ አላገቡም። የፈራ ቡድን ቢሆን ኖሮ እዚያው ይፈርስ ነበር። ማዮ ግን ከኋላ ተነሥቶ በጭማሪው ደቂቃ በኪሊያን ኦኮነር ነጥብ 15 ለ 15 አቻ ወጣ፤ ድጋሚውን ያጣው 18 ለ 17 ነው።

በቀጣዩ ዓመት ጭማሪው ደቂቃ እያለቀ፣ ውጤቱም እኩል ሳለ፣ የደብሊኑ ዲን ሮክ የመጨረሻውን ቅጣት ምት ሊመታ ቆመ። የማዮው ሊ ኪገን ከለበሰው ሰደርያ ውስጥ እንቅስቃሴ የሚለካውን የጂፒኤስ መሣሪያ አውጥቶ ትኩረቱን ለመስረቅ ወደ እሱ ወረወረ። ድርጊቱ አይደገፍም፤ ፍርሃት ግን አይደለም፤ ሌላ የሚያደርገው ነገር የጨረሰ ሰው ተግባር ነው። ሮክ አልተናወጠም፣ ኳሷም በቋሚዎቹ መካከል አለፈች። ያ ደብሊን ከ2015 እስከ 2020 ስድስት ዋንጫዎችን በተከታታይ የወሰደ ቡድን ነበር፤ በ2021 በግማሽ ፍጻሜ፣ ተጨማሪ ሰዓት ድረስ ታግሎ ያን ጉዞ የገታውም ማዮ ራሱ ነው። በፍጻሜው ግን በታይሮን ተሸነፈ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ኬሪ በ1982 የእግር ኳስ ፍጻሜ የተሸነፈው ዳኛው ግፊያውን ሳያይ ስለቀረ ነው፤ ያ ቡድንም በዚያው አበቃ።»

እውነታው፦ ከ1978 እስከ 1981 አራት ዋንጫ በተከታታይ የወሰደው ኬሪ አምስተኛውን ለመያዝ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት በኦፋሊ ላይ በ2 ነጥብ ይመራ ነበር። ተቀይሮ የገባው ሼመስ ዳርቢ ከፍ ብላ የመጣችውን ኳስ ከተከላካዩ ጀርባ ይዞ ወደ መረቡ ላካት፤ ኦፋሊ 18 ለ 17 አሸነፈ። ዳርቢ ተከላካዩን ገፍቷል አልገፋም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ሆኖም ክርክሩ፣ ቀደም ብሎ በዚያው አጋማሽ የኦፋሊው ግብ ጠባቂ ማርቲን ፈርሎንግ የኬሪን ፍጹም ቅጣት ምት ማዳኑን ሊያስረሳ አይገባም። ኦፋሊዎችም ባለፈው ዓመት ፍጻሜ በዚያው ኬሪ ተሸንፈው የተመለሱ ሰዎች እንጂ ዕድል ያነሣቸው እንግዶች አልነበሩም። ኬሪ ቢሆን አላበቃም፤ 1984፣ 1985 እና 1986ን በተከታታይ ወስዷል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ዳኛ መሳሳቱን ካመነ ጨዋታው ይደገማል።»

እውነታው፦ አንዳንዴ ይደገማል፣ አንዳንዴ አይደገምም። በ1998 በኸርሊንግ ግማሽ ፍጻሜ ክሌር ኦፋሊን በ3 ነጥብ እየመራ ሳለ ዳኛው ሰዓቱ ሳይሞላ ፊሽካውን ነፋ። የኦፋሊ ደጋፊዎች ሜዳው ላይ ተቀምጠው ተቃወሙ፣ ጨዋታው እንዲደገም ተወሰነ፣ ኦፋሊም በድጋሚው አሸንፎ የዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። በ2010 በእግር ኳስ ደግሞ ከ1957 ወዲህ የሌንስተር ክፍለ ሀገር ዋንጫ ያላየው ትንሹ ላውዝ ሚዝን በ1 ነጥብ እየመራ በጭማሪ ደቂቃ ላይ ሳለ፣ አንድ የሚዝ ተጫዋች ኳሷን በእጁ እንደያዘ ከመስመሩ አሳለፋትና፣ ሕጉ ይህን ባይፈቅድም፣ ግብ ተብላ ጸደቀች። ዳኛው ስሕተቱን አመነ፤ ማኅበሩ ግን ድጋሚ የማዘዝ ሥልጣን በሕጉ እንዳልተሰጠው አስታወቀ፤ ሚዝም ድጋሚ ሳያቀርብ ዋንጫው በእጁ ቀረ። ላውዝ ያን ዋንጫ ያገኘው በ2025 ሲሆን፣ በፍጻሜው ያሸነፈው ያንኑ ሚዝን ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «አምስት ደቂቃ ሲቀረው በ5 ነጥብ የሚመራ አሸንፏል፤ የተሸነፈም ትውልድ ሲቀየር ይረሳዋል።»

እውነታው፦ ሊመሪክ በ1994 የኸርሊንግ ፍጻሜ ኦፋሊን ልክ እንደዚያ እየመራ ሳለ ጆኒ ዱሊ ቅጣት ምቱን ለ1 ነጥብ ከማሻገር ይልቅ ዝቅ አድርጎ ወደ መረቡ መታው። ደጋፊው ገና ሳይረጋጋ ፓት ኦኮነር ሁለተኛውን ግብ አከለ። ኦፋሊ በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች 2 ግብና 5 ነጥብ አስቆጥሮ በ6 ነጥብ ልዩነት ዋንጫውን ወሰደ። ሊመሪክ በ1996 ተመልሶ መጣ፤ ያኔም ዌክስፎርድ በ2 ነጥብ ረታው።

በ2018፣ ከ1973 በኋላ ዋንጫ ያልነካው ሊመሪክ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ጋልዌይን በ8 ነጥብ ይመራ ነበር። ጋልዌይ በጭማሪው ደቂቃ ሁለት ግቦችን አስቆጥሮ ልዩነቱን ወደ 1 አወረደው። የ1994ን ቀን ያየ ሰው በዚያች ሰዓት መረጋጋት እንዴት ይችላል? ጆ ካኒንግ አቻ ለማድረግ የመጨረሻውን ቅጣት ምት ከረጅም ርቀት መታ። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ለማለፍ አቅም አጥታ ግቡ ፊት ወደተሰበሰቡት ተጫዋቾች ወረደች፤ አንድ የሊመሪክ ተከላካይ ያዛትና ከአካባቢው አራቃት፤ ፊሽካው ተነፋ።