ስለ ዓሣ የሚወራውና እውነታው፦ ለጅማ ቤቶች

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የግልገል ጊቤ ግድብ አለ። ዓሣ ቅርባችን ነው ማለት ነው። ሆኖም ለብዙ ቤት ዛሬም ብርቅ ምግብ ነው። እንደ አገርም አንድ ሰው በዓመት የሚበላው በአማካይ 1 ኪሎ አይሞላም። ከዋጋው ሌላ ወሬውም አስተዋጽኦ አለው። የማያስፈራውን እንፈራለን፤ መጠንቀቅ ያለብንን ደግሞ ዝም ብለን እንበላለን። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ላለበት ቤት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ዓሣ ከወተት ጋር ከተበላ ለምጽ ያወጣል»

አያወጣም። ለምጽ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ራሱ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሴሎች ሲያጠቃ ነው። ምግብ በማደባለቅ አይመጣም። ለዓሣ ወይም ለወተት አለርጂ ያለበት ሰው ሊያሳክከውና ሊያብጥ ይችላል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ቅርፊት ስለሌለው አምባዛን የማይበላ ሰውም አለ። ያ የእምነት ጉዳይ ነው፤ መከበር አለበት። ግን «አምባዛ መርዝ ነው» ማለት አይደለም።

«ነፍሰ ጡር ዓሣ መብላት የለባትም፤ ሜርኩሪ አለው»

ፍርሃቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ በምትባል ከተማ አንድ ፋብሪካ ወደ ባሕር የለቀቀው ሜርኩሪ የሚባል መርዛማ ብረት በዓሣ በኩል ሰው ጋ ደረሰ። በሽታው በ1956 እ.ኤ.አ. በይፋ ታወቀ። እናቶች የአንጎል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ወለዱ።

ነገር ግን ሁሉም ዓሣ እኩል ሜርኩሪ አይሸከምም። ውሃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሜርኩሪን ሜቲልሜርኩሪ ወደሚባል ይበልጥ አደገኛ ዓይነት ይቀይሩታል። ትንሹ ዓሣ በትልቁ፣ ትልቁም በሌላ ሲበላ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ስለዚህ ከፍተኛው መጠን የሚገኘው እንደ ሻርክ ባሉ ሌሎች ዓሦችን በሚበሉና ዕድሜያቸው በገፋ ዓሦች ላይ ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) በዋናነት አልጌ የሚባለውን የውሃ አረንጓዴ ነው የሚበላው፤ ሜርኩሪውም አነስተኛ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ከቆሮሶ የበለጠ ሜርኩሪ ተገኝቶበታል።

ስለ ግድብም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። መሬት በውሃ ሲሸፈን ሣሩና አፈሩ ይበሰብሳል፤ ያኔ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸው ይበዛል። በሌሎች አገሮች አዲስ ግድብ ከሞላ በኋላ የዓሣው ሜርኩሪ ለብዙ ዓመታት ከፍ ብሎ ቆይቷል። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር የግድብ ዓሣ ሲገዛ መካከለኛ ቆሮሶ ይመረጥ፤ ትልልቁ ቢልጫና አምባዛ ለሌላው አዋቂ ቤተሰብ ይሁን።

ጨርሶ መተው ግን ጉዳት አለው። ዓሣ ጥሩ ፕሮቲን፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ሴሊኒየምና ለፅንስ አንጎል የሚያስፈልገው ኦሜጋ 3 የሚባል ጠቃሚ ስብ አለው። የአሜሪካ የጤና ተቋማት እንኳ ለነፍሰ ጡር ሜርኩሪው ዝቅተኛ የሆነ ዓሣ በሳምንት ከ225 እስከ 340 ግራም እንድትበላ ይመክራሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ የሚበላ ነው።

«በደንብ ከተጠበሰ ምንም አይተርፍም»

ይሄ አመለካከት በጣም ያሳስበኛል፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ያዘናጋል። እሳት ባክቴሪያንና ትልን ይገድላል። ሜርኩሪን ግን አይነካውም። ሥጋው ውስጥ ከፕሮቲኑ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀመጥ ብታጥቡትም ብትቀቅሉትም አይወጣም። መፍትሔው የዓሣ ምርጫ ብቻ ነው።

እንደ ዲዲቲ ያሉ ፀረ ተባዮች በተቃራኒው ስብ ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ስለዚህ ቢላዋ ይሠራል። ቆዳውን ግፈፉ። ከሆዱ ግድግዳ ላይ ያለውን ቢጫ ስብና በጎኑ በኩል የሚሄደውን ጠቆር ያለ መስመር ቆርጣችሁ አውጡ። ስቡ እየተንጠባጠበ እንዲወርድ ፍርግርግ ላይ ቢጠበስ ይመረጣል። «እንግዲያው ዓሣ ይቅር» የሚል ካለ ደግሞ ይሄን ይስማ፦ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከእናት ጡት ወተትና ከላም ወተት ላይ የዲዲቲ ቅሪት አግኝቷል። ብክለቱ የአካባቢ ነው፤ ዓሣ ለብቻው ተጠያቂ አይደለም።

እሳት የማያስተካክለው ሌላው ነገር የተበላሸ የቱና ቆርቆሮ ነው። ተከፍቶ ሙቀት ላይ ከዋለ ባክቴሪያ ሂስታሚን የሚባል፣ አለርጂ የሚመስል ሕመም የሚያመጣ ኬሚካል ሊፈጥርበት ይችላል። መልሶ ማሞቅ ሂስታሚኑን አያጠፋውም። ፊት ያቀላል፣ ራስ ያማል፣ ያስመልሳል።

«ጥሬ ዓሣ በሎሚና በሚጥሚጣ ችግር የለውም»

ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ አያበስለውም። ትል ይተርፋል። በአገራችን ሐይቆች ቆሮሶ ላይ የትል እጭ መኖሩ ደግሞ በጥናት የታወቀ ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ 7 ቀን ማቆየት ትሉን ይገድለዋል። ግን መብራት እየሄደ በሚመጣበት ቤት ፍሪጁ ያን ያህል ይቀዘቅዛል ብሎ መተማመን አይቻልም። ማብሰል ይሻላል። በሹካ ሲነካ እየተፈረፈረ የሚነሳና እስከ አጥንቱ የነጣ ከሆነ በስሏል።

«አሁን ከውሃ የወጣ ስለሆነ ንጹሕ ነው»

ትኩስ መሆንና ንጹሕ መሆን ይለያያሉ። አዌቱ ወንዝ ከተማውን ሰንጥቆ ሲያልፍ የስንቱን ቆሻሻ እንደሚሸከም ሁላችንም እናያለን። ከእሱና ከቦዬ ረግረግ የተጠመደ ዓሣ እየተንፈራገጠ ቢቀርብም እኔ ለልጅ አልሰጥም።

ትኩስነቱን ለማየት የጭንቅላቱን ጎን ክዳን ከፍ አድርጉ። ስንጥቡ ደማቅ ቀይ መሆን አለበት። ቡናማ ከሆነና ካዝለገለገ ተዉት። ሥጋውን በጣት ስትጫኑት መልሶ ይነሳ። በረዶ ሳይኖረው ግማሽ ቀን በመኪና የመጣውን ዓሣ ርካሽ ነው ብላችሁ አትውሰዱ።

«ሽሪምፕ የባሕር ቆሻሻ ነው» እና «ቆሮሶ ጥቅም የለውም»

ሽሪምፕ ሜርኩሪው ዝቅተኛ ነው፤ ዚንክና ቢ12 አለው። ጅማ ድረስ ከመጣ በረዶ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ቀልጦ እንደገና የረጋ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። አለርጂውም ብርቱ ነው። በሁለት ዛጎል የተሸፈኑት እንደ ኦይስተር ያሉ የባሕር እንስሳት ግን ውሃ እያጣሩ ስለሚመገቡ ያለበትን ሁሉ ይሰበስባሉ፤ ጥሬያቸውን መብላት አይመከርም።

ቆሮሶ ኦሜጋ 3ቱ ከሰርዲን ያንሳል፤ እውነት ነው። ፕሮቲኑ ግን አያንስም። አዮዲን ከፈለጋችሁ የሐይቅ ዓሣ አይበቃም፤ አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሙ።

«ሕፃን ዓሣ አይሰጠውም»

ስድስት ወር ከሞላው ይሰጠዋል። የሚያስፈራው እሾሁ ነው። ቆሮሶውን ቀቅሉት፤ ከዚያ እጃችሁን ታጥባችሁ ሥጋውን በሁለት ጣት እያሻሻችሁ እሾሁን ልቀሙ። ደጋግሙት፤ ቀጫጭኖቹ በዓይን አይታዩም፤ በጣት ግን ይታወቃሉ። ከገንፎው ጋር በትንሹ ጀምሩና ሽፍታ ወይም እብጠት እንዳይኖር ተከታተሉ።