የባድ ሆምቡርጉ የሳያም ሳላ፦ የሚወራው እና እውነታው

ፍራንክፈርት ያለ ሰው ኤስ5 ባቡር ይዞ ባድ ሆምቡርግ ከወረደ፣ ኩርፓርክ በሚባለው መናፈሻ ውስጥ አንድ ወርቅማ የታይላንድ ቤት ያገኛል። ስለ ቤቱ የሚወራው ግን ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው»

ጀርመኖቹ ራሳቸው «የሳያም ቤተ መቅደስ» ስለሚሉት (ሳያም የታይላንድ የድሮ ስሟ ነው)፣ በተሳሳተ ሰው አይፈረድም። ግን አይደለም። ሳላ ነው፤ ታይላንዶች ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠለሉበት፣ አረፍ የሚሉበት ቤት። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ግድግዳ እንኳ የለውም። ምሰሶዎቹ የተሸከሙት ተደራርቦ የተሠራ ጣሪያ ነው፤ ጫፎቹ ወደ ላይ ቀንድ አውጥተዋል። መነኩሴም የለው፣ ጸሎትም የለው።

«ንጉሡ የመጡት ቁማር ሊጫወቱ ነው»

ይቺ ወሬ የከተማዋ ካዚኖ ዝና የወለዳት ናት። የሳያሙ ንጉሥ ቹላሎንግኮርን ሆምቡርግ የገቡት በ1907 ነው። ካዚኖው ደግሞ በ1872 በሕግ ተዘግቶ እስከ 1949 አልተከፈተም። ታዲያ የት ሊጫወቱ? የመጡት ታመው፣ በሐኪም ምክር ነው። እኛ ፍል ውሃ እንደምንወርደው፣ የዚያን ዘመን መኳንንትም የማዕድን ውሃውን ሊጠጡና ሊታጠቡበት ወደ ሆምቡርግ ይጎርፉ ነበር። ንጉሡ 54ኛ ልደታቸውን ሴፕቴምበር 20 ቀን እዚያው አከበሩ፤ አዲስ የተቆፈረ ምንጭም በስማቸው ተሰየመ። ሳላው እንግዲህ የዚያ ቆይታ መታሰቢያ፣ የእሳቸው ስጦታ ነው። በነገራችን ላይ፣ ያኔ በእኛ አገር ዙፋን ላይ አጤ ምኒልክ ነበሩ።

«ራሳቸው መርቀው ከፈቱት»

አልደረሱበትም። በኦክቶበር 1910 አረፉ። ሳላው አገራቸው ተሠርቶ፣ ተፈታትቶ፣ በመርከብ ተጭኖ መጥቶ የተመረቀው በ1914 ነው። በዚያው ዓመት አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ይባስ ብሎ በ1917 ሳያም ራሷ ጀርመን ላይ ጦርነት አወጀች። ያም ሆኖ የጠላት አገር ስጦታ ነው ብሎ ያፈረሰው የለም።

«ምንጩ ያለው ከታሪካዊው ሳላ ሥር ነው»

እዚህ ላይ ግራ ቢገባችሁ አይገርምም፤ መናፈሻው ውስጥ ያለው ሳላ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ምንጩ ላይ የቆመው አዲሱ ነው፤ የጉብኝቱን 100ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ የመጣ። የ1914ቱ ሌላ ቦታ፣ እዚያው መናፈሻ ውስጥ ለብቻው ቆሟል።