የተመጠነ ቁም ሳጥን፦ በጥቂት ልብስ ብዙ አለባበስ

ፈረንጆቹ «ካፕሱል ዋርድሮብ» ይሉታል። በአማርኛ የጸና ስም ገና ስላላገኘ እዚህ «የተመጠነ ቁም ሳጥን» እለዋለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ወቅት የሚበቃ ጥቂት ልብስ ይመረጣል። ብዙ ጊዜ ጫማና ካፖርት ተጨምሮበት ከ30 እስከ 40 ይሆናል። የተመረጠው ሁሉ እርስ በርሱ ይሄዳል። ሸሚዙ ከየትኛውም ሱሪ፣ ሹራቡ ከየትኛውም ጉርድ ቀሚስ ጋር ይለበሳል። ወቅቱ ሲያልፍ ከፊሉ ታጥፎ ይቀመጣል፣ ተቀምጦ የቆየው ደግሞ ሊለበስ ይወጣል።

ስለዚህ አሠራር የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁጥሩን ነው። «ስንት ልብስ ነው የሚፈቀደው?» በእኔ እምነት ከቁጥሩ ይልቅ የሚበልጠው የልብሶቹ መስማማት ነው። 20 ልብስ ኖሯት አንዱ ከሌላው የማይሄድላት ሴት ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት መቸገሯ አይቀርም። 50 ኖሯት ሁሉም የሚግባባላት ግን ዓይኗን ጨፍና ብታወጣም ያምርባታል።

ሒሳቡን እንየው። 5 የላይ ልብስና 3 የታች ልብስ አለ እንበል። ሁሉም ከሁሉም የሚሄድ ከሆነ 15 አለባበስ ይወጣል። የሚደረብ 2 እንጨምር፤ አንድ ኮትና አንድ ክፍት ሹራብ። ኮቱን መደረብ፣ ሹራቡን መደረብ፣ ወይም ምንም አለመደረብ ይቻላል። 15 በ3 ሲባዛ 45 ነው። ይህ ሁሉ የወጣው ከ10 ልብስ ነው። አሁን ከሦስቱ ሱሪዎች አንዱ አበባ የበዛበትና ከአንድ ሸሚዝ ጋር ብቻ የሚሄድ ነው እንበል። 15 የነበረው 11 ይሆናል፣ 45 የነበረው ወደ 33 ይወርዳል። አንድ ሱሪ 12 አለባበስ ይዞ ሄደ ማለት ነው። ሱሪው አስቀያሚ ስለሆነ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ሲታይ ምናልባት ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነበር። ቤት ሲገባ ግን ጓደኛ አጣ።

ልብስ ሲገዛ የሚጠቅመው ጥያቄም ከዚሁ ይወጣል። «ያምራል ወይ?» ተብሎ ብቻ አይበቃም። «ቤት ካለው ከየትኛው ጋር እለብሰዋለሁ?» ተብሎ ቢያንስ ሦስት ልብስ በስም መጠራት አለበት።

አሠራሩን የሚያውቁ ሰዎች የሚጀምሩት ከቀለም ነው። ሁለት ወይም ሦስት መሠረት የሚሆን ቀለም ይመረጣል፤ ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ቡኒ ወይም ካኪ። ካፖርቱ፣ ሱሪውና ጫማው በእነዚህ ይሆናል፤ ውድ ስለሆኑና ቶሎ ስለማይቀየሩ። ደመቅ ያለው ቀለም ለሸሚዝ፣ ለሻርፕ፣ ለከነቴራ ይተዋል። እኔ ብጠየቅ ከጫማ ጀምሩ እላለሁ። ጫማው ጥቁር ነው ወይስ ቡኒ? ይህ ከተቆረጠ ቀበቶውና ቦርሳው ይከተላል፣ ሱሪውም መንገዱን ያገኛል። ከጨርቁ ቀድሞ ጫማው ሳይወሰን ሲቀር ነው ለእያንዳንዱ ልብስ ሌላ ጫማ መግዛት የሚመጣው።

ከየት መጣ?

ሐሳቡ ከስሙ ይቀድማል። አሜሪካዊቷ ዲዛይነር ክሌር ማካርዴል እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለጉዞ የሚሆኑ፣ እያቀያየሩ የሚለበሱ ልብሶች ሠርታ ነበር። ጥቂት ቁራጭ ልብስ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ለቀንም ለማታም እንዲበቃ አስባ ነው። በጊዜው ለሱቆች ልብስ እየመረጡ የሚገዙት ነጋዴዎች አልተቀበሏትም። ለእነሱ አንድ ሴት የምትገዛው የተሟላ አለባበስ ነበር። ላዩና ታቹ ተለያይቶ መሸጡ እንግዳ ሆነባቸው። ዛሬ ግን ሸሚዝና ጉርድ ለየብቻ መግዛት የማንም ልማድ ነው። በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በቀለምም በአሠራርም የሚስማሙ ጥቂት ልብሶችን «ካፕሱል» ብሎ መጥራት በጽሑፍ ይታይ ጀመር።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሕዝቡ ሁሉ ወዶ ሳይሆን ተገዶ ቁም ሳጥኑን መጠነ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካውንም ጨርቁንም ወሰደው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1941 የልብስ ራሽን ተጀመረ። ለእያንዳንዱ ሰው ለዓመት 66 ኩፖን ተሰጠ። ብር ብቻውን ልብስ አይገዛም፤ ከብሩ ጋር ኩፖን መቆረጥ ነበረበት። የሴት የሱፍ ቀሚስ 11 ኩፖን፣ ገበር ያለው ካፖርት 14፣ ጫማ 5፣ አንድ ጥንድ ስቶኪንግ 2 ነበር። አንዲት ሴት ካፖርት፣ ቀሚስ፣ ጫማና 6 ጥንድ ስቶኪንግ ብትገዛ 42 ኩፖን ጨረሰች። ለዓመቱ የቀራት 24 ነው። ካፖርቱን ስትመርጥ ካላት ቀሚስ ሁሉ ጋር መሄዱን ሳታይ ልትገዛው አትችልም። ኮፍያ በራሽኑ ውስጥ አልገባም ነበር። ስለዚህ ያንኑ አሮጌ ኮት በኮፍያና በሻሽ አዲስ ማስመሰል ተለመደ።

መንግሥትም «ዩቲሊቲ» የተባለ፣ ጨርቅ የሚቆጥብና ጠንካራ ልብስ አሠራ። የኪስና የቁልፍ ብዛት ሳይቀር ተገደበ። የወንዶች ሱሪ እግሩ ጫፍ ላይ እንዳይቀለበስ ተከለከለ፤ ወንዶቹም ክፉኛ አጉረመረሙ። የለንደን ስመ ጥር ዲዛይነሮች በ1942 ለዚህ ልብስ ንድፍ አውጥተዋል። ራሽኑ እስከ መጋቢት 1949 ዘለቀ። ይህን ታሪክ ሳነብ የሚገርመኝ እጥረቱ ራሱ አይደለም። የተሠራው ልብስ ብዙው ጥሩ ልብስ መሆኑ ነው። በጥቂት ጨርቅ በጥንቃቄ ሲሠራ ለዓመታት ተለበሰ።

ስሙን ዛሬ በምናውቀው መልክ ያስለመደችው ሱዚ ፎ ናት። በ1970ዎቹ ለንደን ውስጥ «ዋርድሮብ» የሚባል ሱቅ ነበራት። ፋሽን የማይሽራቸው ጥቂት ልብሶች ይኑሩ፣ በየወቅቱ ሌላ ይጨመርባቸው ነበር ምክሯ። በ1985 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ዲዛይነር ዶና ካራን በራሷ ስም የመጀመሪያውን የልብስ ስብስብ አቀረበች። «ሰባት ቀላል ልብሶች» ተባለ። ሞዴሎቹ ጥቁር ቦዲና ታይት ብቻ ለብሰው ወጡ፤ ከዚያ ተመልካቹ እያየ ጉርዱን ጠመጠሙ፣ ኮቱን ደረቡ። አሠራሩን በቃል ከማስረዳት ይልቅ በዓይን አሳየችው። ቢሮ ውላ ማታ እራት ግብዣ ላላት፣ ቤት ተመልሳ ልብስ መቀየሪያ ጊዜ ለሌላት ሴት የታሰበ ነበር።

ኢንተርኔቱ ዘመን ላይ ያስፋፋችው አሜሪካዊቷ ኮርትኒ ካርቨር ናት። በ2010 «ፕሮጀክት 333» ጀመረች፤ ለ3 ወር በ33 ነገር መኖር። ልብስ፣ ጫማ፣ ጌጣጌጥ፣ ካፖርት ሁሉም ይቆጠራል። የውስጥ ልብስ፣ የሌሊት ልብስ፣ የስፖርት ልብስና የጋብቻ ቀለበት አይቆጠሩም። የተረፈው በካርቶን ታሽጎ ከዓይን ይርቃል። የማሸጉ ነገር ብልሃት አለበት። ማንም ሰው ልብሱን ወዲያው ጣል ሲባል እጁ ይያዛል። ለ3 ወር አስቀምጥ ሲባል ግን አይከብደውም።

ከዚያ በኋላ ነጋዴውም ስሙን ወደደው። ድርጅቶች ጥቂት ልብስ ለአጭር ጊዜ አውጥተው «ካፕሱል» ይሉታል። ይህ ሌላ ነገር ነው። ያለውን ሁሉ አውጥቶ ሙሉ አዲስ «ካፕሱል» መግዛትም ከሐሳቡ ጋር ይጣላል። የሚጀመረው ቤት ካለው ልብስ ነው።

የእኛ ቁም ሳጥን

አማርኛ ልብስን ከጥንት ጀምሮ ለሁለት ከፍሎታል፤ የክትና የዘወትር። የክቱ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ሳጥን ውስጥ በዓል ይጠብቃል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። የፈረንጆቹ ደንብ በዚህ በኩል ይጎድለዋል። በ3 ወር ያልተለበሰ ይውጣ ቢባል ጥር 11 ብቻ የሚወጣው የሐበሻ ቀሚስ ምን ሊሆን ነው? እኔ የምለው የክት ልብስ ከቁጥሩ ውጪ ይሁን ነው። ዋጋው በተለበሰበት ቀን ብዛት አይለካም። መመጠን ያለበት የዘወትሩ ነው። የለቅሶውም ነገር እንዲሁ ነው። የአገራችን ሰው አንድ ጥቁር ልብስ ሳይኖረው አይሆንለትም፤ ለቅሶ ቀጠሮ አይዝም። መሠረት ቀለሙ ጥቁር ከሆነ ይህ አብሮ ይሟላል።

ነጠላን ደግሞ እዩት። አንድ ጨርቅ ነው። ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይጣፋል፣ ለሐዘን ጥለቱ ወደ ላይ ይዞራል፣ ለዘወትር ትከሻ ላይ ጣል ይደረጋል። ከፀሐይ ይጋርዳል፣ ሕፃን ይሸፈንበታል። አንድ ልብስ ብዙ አገልግሎት ይስጥ ለሚለው ሐሳብ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ወቅቱም የራሱ ጣጣ አለው። የፈረንጆቹ መመሪያ ዓመቱን ለአራት ከፍሎ «የክረምት ልብስ» ሲል በረዶ ማለቱ ነው። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ እሱም የሚመጣው እነሱ በሙቀት ሲጋገሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፣ እኩለ ቀን ፀሐይዋ ትጠብሳለች፣ አመሻሽ ላይ ተመልሶ ይበርዳል። ለአዲስ አበባ ሰው ወቅት የሚቀያየረው በአንድ ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ሦስት ስስ ልብስ መደራረብ ይሻላል፤ ከነቴራ፣ ሸሚዝ፣ ስስ ሹራብ። ሐምሌ ላይ ነጭ ሱሪ ጭቃ ይበላዋል። የካቲት ላይ ጥቁር ሱሪ አቧራ ይይዛል። ካኪና ግራጫ ሁለቱንም ይችላሉ።

ውጭ ያለው ወገናችን ሌላ ሒሳብ አለው። ሚኒሶታ ያለ ሰው የካፖርትና የቦት ጫማ ነገር አይቀለድበትም፤ ቁጥሩን እዚያ ላይ መቀነስ በሽታ መግዛት ነው። ዱባይ ላለች ደግሞ ውጭው እሳት፣ ውስጡ ኤሲ ነው። ቦርሳ ውስጥ የምትገባ አንዲት ስስ ሻርፕ ዓመቱን ሙሉ ታስፈልጋታለች።

ለእረፍት ወደ አገር ቤት የሚመጣው ሰው ሳያውቀው የተመጠነ ቁም ሳጥን ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለቱ 23 ኪሎ ሻንጣ የእሱ አይደለም፤ የእናት ጫማ፣ የእህት ልጅ ጃኬት፣ የጎረቤት አደራ ነው። ለራሱ የቀረችው በእጅ የምትያዘው ትንሿ ሻንጣ ናት። እዚያች ውስጥ ሁለት ጂንስ፣ አራት የላይ ልብስ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ ጥቁር ነገር ይገባል። ለሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ማካርዴል ያሰበችውም ይህንኑ ነበር።

አያያዝ

ልብስ ሲያንስ እያንዳንዱ ቶሎ ቶሎ ይለበሳል፣ ቶሎ ቶሎ ይታጠባል። ስለዚህ ስፌቱ ወሳኝ ነው። ከመግዛት በፊት ገልብጦ የውስጡን ስፌት ማየት፣ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስቶ አለመሳሳቱን ማረጋገጥ፣ ቁልፉን ሳብ አድርጎ መሞከር ያስፈልጋል። ሰልባጅ ተራም ቢሆን ይህንኑ ማድረግ ነው። ቦንዳ ውስጥ ጥሩ የሱፍ ኮት ይገኛል። ትከሻው ልክ ከሆነ ወገቡንና እጅጌውን ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል። ትከሻው ካልሆነ ግን መተው ነው፤ ትከሻ ማስተካከል ልብሱን እንደ አዲስ መስፋት ማለት ነው። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ልብስ ተገልብጦ ጥላ ላይ ይሰጣ። የእኛ ፀሐይ በአንድ በጋ ቡናማ ታደርገዋለች።

ልብስ መቀያየሪያው ቀን መስከረም ቢሆን ይመቻል። ዝናቡ ሲያበቃ ክረምቱን ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመው ልብስ እርጥበት እርጥበት ይላል። በብዙ ቤት ያኔ ሁሉም ወጥቶ ገመድ ላይ ፀሐይ ይመታል። ያን ዕለት ልብሱ ሁሉ በአንድ ላይ ስለሚታይ ጎን ለጎን አድርጎ ማስተያየት ይቻላል። የሱፉ ሹራብ ሳይታጠብ አይቀመጥም፤ ብል የሚወደው ላብና ቆሻሻ የያዘውን ነው። የላላ ቁልፍ ካለ ልብሱ ከመታጠፉ በፊት ይሰፋ። በሚቀጥለው ሰኔ ዝናቡ ድንገት ሲመጣ ማንም መርፌና ክር ፍለጋ አይሄድም።