ሴፍቲኔት ካሳ አይደለም፦ በገጠር ወረዳዎች የሚነገረውና እውነታው

ድርቅ በሚደጋግማቸው የገጠር ወረዳዎች «የመንግሥት እርዳታ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ሴፍቲኔትን ማለት ነው። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው በየዓመቱ የአስቸኳይ እህል ልመና ውስጥ ከመግባት ለመውጣት ነበር፤ መሥራት የሚችሉ የምግብ እጥረት ያለባቸው ቤተሰቦች እንደ እርከን ያለ የሕዝብ ሥራ ሠርተው በእህል ወይም በገንዘብ ይከፈላቸዋል። አሠራሩ ግን ዛሬም በቡና ላይ እንደተወራው ነው የሚታወቀው።

«ሰብሌ ስለጠፋ ካሳ ይከፈለኛል»

ሴፍቲኔት ማሳ አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ነፍስ ነው። አንዱ ሁለት ሄክታር ማሽላ ደርቆበት፣ ጎረቤቱ ግማሽ ሄክታር ጤፍ ቢጠፋበት፣ ሁለቱም አምስት አምስት ቤተሰብ ካላቸው ድርሻቸው እኩል ነው። ለአንድ ሰው በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰባል። በእህል ሲከፈል ለቀን 3 ኪሎ፣ ማለትም በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ነው፤ አምስት ነፍስ ላለበት ቤት 75 ኪሎ ይመጣል። በገንዘብ ሲሆን ተመኑ የእህል ገበያን ተከትሎ አስቀድሞ ይወጣል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፦ ክረምቱ ሲቃረብ እህል ይወደድና ያው ብር የሚሸምተው ኪሎ ያንሳል።

«እርከን መሥራት ያልቻለ አይገባውም»

ይህ ብዙ ሰው ይጎዳል። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሳይሠሩ በቀጥተኛ ድጋፍ ይያዛሉ፤ እንዲያውም የሚሠራው 6 ወር ሲከፈለው ለእነሱ 12 ወር ነው። ነፍሰ ጡር እርግዝናዋ በጤና ባለሙያ ከተረጋገጠ ጀምሮ ሕፃኑ ቢያንስ አንድ ዓመት እስኪሞላው ከሥራ ነፃ ትሆናለች፤ ክፍያዋ አይቋረጥም። ነፍሰ ጡር ሆነው ድንጋይ ሲሸከሙ የሚከርሙ ያሉት ከጤና ኬላ ማረጋገጫ አምጥተው ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ባለመስጠታቸው ሊሆን ይችላል።

«ሊቀመንበሩ የወደደውን ይጽፋል»

በደንቡ መሠረት ስም የሚያወጣው በየጎጡ የተመረጠ ግብረ ኃይል ነው፤ ዝርዝሩም በሕዝብ ፊት ይነበባል። ዋናው መመዘኛ ሆኖ የቆየው በተከታታይ 3 ዓመት፣ በየዓመቱ 3 ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት መኖሩ ነው። አድልዎ የለም ማለታችን አይደለም። ስሙ የቀረበት ሰው መሄድ ያለበት ግን ወደ ቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው፤ ሊቀመንበሩ ደጅ መጥናት ዋጋ የለውም። በአንድ ዓመት ድርቅ ብቻ የተመታ ደግሞ በቋሚው ዝርዝር ባይገባም ለመጠባበቂያ የተያዘ በጀት ሲለቀቅ በጊዜያዊነት ሊታቀፍ ይችላል።

«ለማዳበሪያ ዕዳና ለመዋጮ ይቆረጣል»

አይቆረጥም። ዕዳም፣ ግብርም፣ መዋጮም ከዚህ ክፍያ ላይ አይነሳም። የተጠቃሚ ካርዱም በነፃ ነው የሚሰጠው።

«ወረዳው ገንዘቡን ይዞት ነው የዘገየው»

አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው በአቴንዳንሱ፣ ማለትም ሥራ ላይ የተገኘው ሰው በሚመዘገብበት ወረቀት ነው። የቡድን መሪው በየቀኑ የሞላው ወረቀት በልማት ጣቢያ ሠራተኛው በኩል ወረዳ ካልደረሰ ፔይሮል (የክፍያ ዝርዝር) አይዘጋጅም። ሌላው ስም ነው፦ ካርዱ ላይ «ወ/ማርያም»፣ ፔይሮሉ ላይ «ወልደማርያም» ከሆነ ከፋዩ «ሌላ ሰው ነው» ብሎ ይመልሳል። ካርዱን በተቀበሉበት ቀን የባልም የሚስትም ስም መጻፉን፣ ፊደሉም ከመታወቂያው ጋር አንድ መሆኑን ማየት ይሻላል፤ ያኔ ባል ገበያ ቢሄድም ሚስት ትቀበላለች።