እሳት ውስጥ ሆነው ውርጭን የጠሩት

ታኅሣሥ 19 ቅዱስ ገብርኤልን አንግሠን ስንወጣ የደሴ ብርድ አጥንት ድረስ ይሰማ ነበር። ቅጥሩ ውስጥ አንድ ወጣት ለጓደኛው «ለገና ደላንታ አልወጣም፤ የዚያን አገር ብርድ አልችለውም» ሲል ሰማሁት። እናትና አባቱ እዚያው ናቸው። ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለኝ።

ወገኖቼ፣ የዕለቱን ታሪክ ሁላችን እናውቃለን። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ለናቡከደነፆር ምስል አልሰገዱም። እቶኑ ሰባት እጥፍ ነደደ፤ መልአኩ ወርዶ አዳናቸው። እኔ ግን ሁልጊዜ የምቆመው ጸሎታቸው ላይ ነው። በዳዊታችን መጨረሻ ከነቢያት ጸሎት ጋር አለ። ፍጥረትን ሁሉ በየስሙ እየጠሩ «እግዚአብሔርን አመስግኑ» ይላሉ። ፀሐይን፣ ዝናብን፣ እሳቱን ራሱን ይጠራሉ። ደግሞም ቁሩን፣ ውርጩን፣ በረዶውን! በእሳት መካከል ቆሞ ውርጭን ማን ያስታውሳል? እነርሱ አስታወሱት። ግን «መጥተህ አብርደን» አላሉትም። አብሯቸው እንዲያመሰግን ነው የጠሩት።

ደጋ ያደግን ልጆች ይህ ቃል ከማንም በፊት ሊገባን ይገባ ነበር። በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ካደረ ጠዋት ሣሩ ሁሉ ነጭ ነው። ከጓሮ ጎመን ቅጠል ላይ አመዳዩን በጣታችን ጠርገን እንልስ ነበር። እናቴ «ጉሮሯችሁ ሊዘጋ ነው!» ብላ ትቆጣና ምድጃ ዳር ትሰበስበናለች። ኩበቱ ይጨሳል፣ የገብሱ ቆሎ ምጣዱ ላይ ይንጣጣል። ሁላችንም አንድ ባና ውስጥ ነን፤ የታናሼ በረዶ የመሰለ እግር ሆዴ ላይ ነው። አባቴ ከወዲያ ዳዊቱን ይደግማል።

ውርጭ ክፉም ነው፤ አልሸሽገውም። ምስሩንና ባቄላውን በአንድ ሌሊት ያቃጥላል። አባቴ ከማሳው ሲመለስ ፊቱን አይተን እናውቅ ነበር። ያን ቀንም «ተመስገን» ብሎ ነው የሚቀመጠው። ይህን ከየት እንደተማረው የገባኝ አድጌ ያንን ጸሎት ራሴ ስደግመው ነው።

ዛሬ ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን በረዶ ሲጥል ቪዲዮ ይልኩልናል። ልጆቻቸው ሲንከባለሉበት እያየን «ሲያምር!» እንላለን። የሰው አገር በረዶ አምሮን የእናታችን ቤት ብርድ እንዴት አስጠላን? ያ ብርድ እኮ ነው እቅፏ ውስጥ የከተተን። በቴሌብር ብር መላክ መልካም ነው፤ ብሩ ግን ምድጃው ዳር አይቀመጥላትም። ገና 10 ቀን ቀርቶታል። ጋቢና ወፍራም ካልሲ ያዙና ሂዱ። አብራችሁ ብረዱ።

ወላጆቻችሁ ያረፉባችሁ ግን ይህን ተግሣጽ ለራሳችሁ አትውሰዱት። በብርድ ጠዋት ትዝ ሲሏችሁ ማልቀስ ኃጢአት አይደለም። አልቅሱ። የክርስትና ስማቸውን ለካህኑ ስጡና በቅዳሴው ይታሰቡ። በሰፈራችሁም ልጆቿ ያልመጡላት አንዲት እናት አትጠፋም። ቡናዋን ከእርሷ ጋር ጠጡ፤ ብርድ ልብስም ውሰዱላት።